«ፒያኖዬ ሳልነካው ያጉረመርማል!»

ከወር በፊት ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አንዱ ተራውን የሚጠብቅ አልነበረም። የመጣው ከቤሌ ነው። «ቤሌ ደግሞ የት ናት?» የምትሉ የከተማ ልጆች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ከወላይታ ሶዶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ወንዝ አቅጣጫ ስትጓዙ የምታገኟት የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። ጠያቂዬ ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰ ወጣት ነው። እንደ ልማዳችን ስሙን አንጠራም። የጻፈልኝን አሳጥሬ እነሆ፦

«ጋሼ፣ እኔ ሠርግ ላይ ኪቦርድ በመጫወት የምተዳደር ልጅ ነኝ። ዘንድሮ የእቁብ ብሬን እናቴ ወይፈን ሸጣ ከሰጠችኝ ጋር ደምሬ ያገለገለ ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ፒያኖ ገዛሁ። ለብቻው ሲጫወት እንደ ወለላ ነው። ከአምፕሊፋየር ጋር ሳገናኘው ግን ጣቴን ሳላሳርፍበት ‹እምምም› እያለ ያጉረመርማል። አንድ ጠጋኝ ሳይከፍተው ‹ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ከፈለግህ በርካሽ ልውሰድልህ› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የፒያኖውንም የአምፕሊፋየሩንም ስፒና ፈትቶ ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ ቆረጠው። ድምፁ ጠፋ፤ ጨፈርን! በማግስቱ ልምምድ ላይ ዘፋኛችን ማይኩን ከንፈሯ ስታስነካው ነዘራት። አሁን ፈራሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለ ሠርግ ቀብድ በልቻለሁ። ልሽጠው ወይስ እንዲሁ ልጫወትበት?»

ይህን አንብቤ ጋዜጣው እስኪወጣ መጠበቅ አልቻልኩም። ስልክ ደወልኩለት። ለእሱ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም የማቀርበው፣ እንደሱ የተቸገራችሁ ብዙ መሆናችሁን ስለማውቅ ነው። እኔም ለዓመታት ምሽት ቤት ኪቦርድ ጀርባ የቆምኩ ሰው ነኝና ይህቺ «እምምም» የምትባል ጠላት ትተዋወቀኛለች።

መልሴ አጭር ነበር፦ አትሽጠው! እንዲሁም አትጫወትበት!

መጀመሪያ ነፍስ

ያ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ የተሠራው ለጌጥ አይደለም። ኧርዝ ወይም የመሬት መስመር የምንለው እሱ ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተላቆ የብረት አካሉን ቢነካ፣ 220 ቮልቱ በዚያ ሽቦ ወደ መሬት ይወርድና ብሬከሩ ይዘጋል። ሽቦው ከተቆረጠስ? ኤሌክትሪኩ ሌላ መውረጃ ይፈልጋል። የሚያገኘውም ማይክ የጨበጠችውን ዘፋኝ ነው! ሠርግ ቤት ደግሞ መሬቱ እርጥብ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል፤ ጫማ ቢወልቅ፣ ውኃ ቢፈስ… የቀረውን እናንተ ገምቱት።

ልጅቷን የነዘራት ገና ሙሉ ጉልበቱ አይደለም። በብዙ መሣሪያዎች የኃይል መግቢያ ላይ ጫጫታ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። እነሱ የሚያሾልኩት ጥቂት ኤሌክትሪክ በኧርዙ መውረድ ሲገባው፣ መውረጃ ሲያጣ በብረቱ ላይ ይቆያል፤ የነካውን ይነዝራል። መጥፎው ነገር፣ ሽቦው በተቆረጠበት ዕቃ ላይ ከዚህ የባሰ ብልሽት ቢመጣ የሚከላከል ምንም የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትዕዛዜ «ሁለቱንም ስፒና ንቀልና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦዎቹን በትክክል እስኪመልሳቸው እንዳትሰካ» የሚል ነበር። ሠራተኛው በዚያው የቤቱ ሶኬት እውነተኛ ኧርዝ እንዳለው በመለኪያ እንዲያይለትም ነገርኩት። ኧርዝ ያለው የሚመስል፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የሌለው ሶኬት በየቤቱ ሞልቷል። አቅም ያለው ሰው 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጠውን፣ አርሲዲ የሚባለውን ብሬከር ያስገባ። ተራው ብሬከር የቤቱን ሽቦ ከቃጠሎ ያድናል እንጂ ሰውን ከመንዘር አያድንም።

ጉምጉምታው ከየት ይመጣል?

ጠጋኙ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ማለቱ ለምን እንዳላሳመነኝ ልንገራችሁ። ዲጂታል ፒያኖ ውስጥ ድምፁ ቁጥር ነው። ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባለውን ዲጂታል ኪቦርዱን በ1983 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ዓለም ይህን ለምዶታል። የእኛው ኃይሉ መርጊያም በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሠራው ካሴት አኮርዲዮኑን ከዚሁ ከዲኤክስ 7 ጋር አዋሕዶታል። ቁጥር ደግሞ አያጉረመርምም። ጉምጉምታ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ተለውጦ ከወጣ በኋላ፣ በገመዱና በአምፕሊፋየሩ መንገድ ላይ ነው።

ለመሆኑ ጉምጉምታው ከኤሌክትሪክ መስመር መሆኑን በምን እናውቃለን? ፒያኖው ራሱ ይነግረናል! በአገራችን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በኦሞ ወንዝ ላይ ተገንብቶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 3፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባላቸው 10 ተርባይኖቹ ወደ መስመሩ የሚልከው ይህንኑ 50 ነው። ቤሌ ቤት ውስጥ የሚደርሰውም እሱ ነው። እንግዲህ ባለ 88 ቁልፍ ፒያኖ ላይ ከግራ ጠርዝ 11ኛውን ቁልፍ ተጫኑ። ሶል ነው፤ በሰከንድ 49 ጊዜ ይርገበገባል። ቀጥሎ ያለው ጥቁር ቁልፍ 52 ገደማ ነው። ጉምጉምታው በሁለቱ መካከል ከተቀመጠ ጥፋተኛው ታውቋል፤ የመስመሩ 50 ነው። አንዳንዴ እጥፉ፣ 100 ይሰማል፤ ያን ጊዜ ከግራ 23ኛውን ሶል ሞክሩ። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ይኸው ሶል ከግራ 8ኛው ነው። የቤሌው ልጅ ይህን በስልክ ሲሞክር «ጋሼ፣ ከሶል ትንሽ ከፍ ይላል!» ብሎ ጮኸብኝ። ጆሮው ደህና ነው ማለት ነው።

የአሥር ደቂቃ ምርመራ

ስፒናዎቹ በባለሙያ ከተመለሱ በኋላ በማግስቱ እንደገና ተደዋወልን። ደንቡ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ሁሉንም በአንዴ የነካካ ሰው ድምፁ ቢጠፋለት እንኳን ምን እንዳጠፋው አያውቅም።

«ከፒያኖው ላይ ሁሉንም ገመድ ንቀል፤ የኃይሉ ብቻ ይቅር። ሄድፎን ሰካበት» አልኩት።

«ሰካሁ… ጋሼ፣ ጸጥ ነው። ስጫወት ብቻ ነው የሚሰማው።»

«በል እንግዲህ፣ ፒያኖህ ነፃ ወጥቷል። አሁን አምፕሊፋየሩን ብቻውን፣ ምንም ሳይሰካበት ክፈተው።»

«እሱም ጸጥ ነው።»

«አሁን በገመዱ አገናኛቸው።»

«መጣ! እምምም ይላል!»

«ደህና። አሁን ድምፁ እያለ ፒያኖውን ከማብሪያ ማጥፊያው አጥፋው። ከሶኬት ግን አትንቀለው።»

ጥቂት ዝም አለ። ቀጥሎ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ… ፒያኖው ጠፍቶም ያጉረመርማል!» አለኝ።

ወዳጆቼ፣ የጠፋ ፒያኖ ካጉረመረመ ቦርዱ ምን በደለ? ድምፁን የሚሠራው ቦርድ እንቅልፍ ላይ ነው! ወይፈን የተሸጠበት ዕቃ በርካሽ ሊሄድ የነበረው በዚህች ባልተጠየቀች ጥያቄ ነው።

ከዚያ «አምፕሊፋየሩ ከየት ነው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው?» ብዬ ጠየቅሁት። ለካ ፒያኖው የተሰካው ልምምድ ከሚያደርጉበት ቤት ሶኬት ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከጎረቤት ሱቅ በኤክስቴንሽን በተሳበ መስመር ነው። ነገሩ ተገለጠልኝ። ሁለት ዕቃ በሁለት የተለያየ ቦታ ኧርዝ ሲደረግ፣ የሁለቱ ቦታ ኧርዝ እኩል አይሆንም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ኤሌክትሪክ በድምፅ ገመዱ መሸፈኛ ሽቦ በኩል እንዲዞር ያደርጋል። አምፕሊፋየሩም ይህን ሙዚቃ መስሎት ያጎላዋል። ጓደኛው ሽቦውን ሲቆርጥ ድምፁ የጠፋው ይህ ዙሪያ ስለተቋረጠ ነው። መድኃኒቱ በሽታውን አጥፍቶ በሽተኛውን ሊገድል ነበር!

ትክክለኛው መድኃኒት ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ፣ ከአንድ ሶኬት ማብላት ነው። ይህን ሲያደርግ ጉምጉምታው ወዲያው ጠፋ። ማከፋፈያው ግን ኧርዝ ያለው፣ ሽቦውም ወፍራም ይሁን። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከእሱ ጋር በፍጹም አይሰካ!

«አዳራሹ ሰፊ ሆኖ ከአንድ ሶኬት መሳብ ባይቻልስ?» ለምትሉ፣ ዲአይ ቦክስ የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች። ውስጧ ትራንስፎርመር ያለውን ምረጡ። በፒያኖውና በሚክሰሩ መካከል ትገባለች። በላይዋ ላይ ያለችው ማብሪያ የድምፅ ገመዱን መሸፈኛ ብቻ ታላቅቃለች፤ የኤሌክትሪኩን ኧርዝ አትነካም። ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው።

ሠርጉ አለፈ። ልጁ በማግስቱ የላከልኝ መልእክት አንድ መስመር ነበር፦ «ሙሽሮቹ ገቡ፣ ፒያኖው ዝም ሲሉት ዝም አለ፣ ዘፋኛችንም ማይኩን አልፈራችም።»

እያንዳንዱ ጫጫታ ስም አለው

ድሮ ሠርግና ምሽት ቤት በሙሉ ባንድ ይደምቅ ነበር፤ ጥቂት ጉምጉምታ ቢኖር ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ይሸፍኑት ነበር። ዛሬ ብዙውን ሠርግ የሚሸከመው አንድ ኪቦርድ ነው። ጉድለቱን የሚሸፍንለት የለም። ስለዚህ ጆሯችሁን አሠልጥኑ።

«ሽሽሽ…» የሚል፣ እንደ ሩቅ ዝናብ ያለ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የአከፋፈት ጉዳይ ነው። የፒያኖውን ቮሊዩም ሩብ ላይ አስቀምጦ የሚክሰሩን ጌይን እስከ ጥግ የሚከፍት ሰው፣ ሙዚቃውን ሳይሆን ሽሽታውን ነው የሚያጎላው። ፒያኖውን ወደ ሦስት አራተኛ ከፍ፣ ጌይኑን ዝቅ አድርጉ።

«ትር… ትር… ትርርር» ካለና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ስልክ ከጠራ፣ ጥፋተኛው ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ሞባይላችሁ ነው። ወደ ኪስ ሳይሆን ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሂድ።

«ጠሽ… ቋ…» እያለ ገመዱ ሲነካ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ገመዱን በሌላ ቀይሩና እዩ። ከጠፋ የገመዱ ጃክ ብየዳ ለቅቋል፤ ባለሙያ በጥቂት ብር ይመልሰዋል። በአዲስ ገመድም ካልጠፋ የፒያኖው መሰኪያ ላልቷል። ቮሊዩሙን ስታዞሩ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ደግሞ ውስጡ አቧራ ገብቶበታል። ፒያኖውን ከሶኬት ንቀሉና ማዞሪያውን ከዳር ዳር ሃያ ሠላሳ ጊዜ አመላልሱት። ካልተሻለው ለኤሌክትሮኒክስ ንክኪ ተብሎ የተሠራ ማጽጃ አለ። በቅባት ግን አትሞክሩት።

«ዝዝዝ» የሚል ሹል ድምፅ የጌጥ መብራቶች፣ መብራት ማደብዘዣና ርካሽ ቻርጀሮች ፊርማ ነው። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ለዩት። የድምፅ ገመድና የኤሌክትሪክ ገመድ ጎን ለጎን አይጓዙ፤ መገናኘታቸው ግድ ከሆነ በመስቀል ቅርጽ ይቋረጡ። የፒያኖውን የድምፅ ገመድም ከ6 ሜትር በላይ አታርዝሙት። ከዚያ የራቀ ከሆነ ያቺው ዲአይ ቦክስ ትግባ።

ፒያኖውን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታችሁ ቀጭን ፉጨት ከሰማችሁ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉትና በባትሪ አሠሩት። ፉጨቱ አብሮ ከጠፋ ጥፋተኛውን አገኛችሁት።

መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ወይም በኢንቨርተር ስትጫወቱ ብቻ የሚመጣ ጫጫታም አለ። አንዳንድ ርካሽ ኢንቨርተር የሚሰጠው ሞገድ ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ነው፤ አምፕሊፋየሩም ያንን ያሰማችኋል። ስትገዙ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጠውን ጠይቁ።

ድምፁ በአምፕሊፋየር ሳይሆን ከቁልፎቹ ስር «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ ኤሌክትሪኩን ተዉት። ሳንቲም፣ እርሳስ ወይም የልጅ መጫወቻ ገብቶ ይሆናል፤ ወይም ከቁልፉ ስር ያለው ለስላሳ ጨርቅ አልቋል።

«ቁልፉን ለቅቄም ድምፁ አልቆም አለ!» የሚሉም አሉ። ፔዳሉን ሳትረግጡ ፒያኖውን አጥፍታችሁ፣ ፔዳሉን ሰክታችሁ እንደገና አብሩት። ብዙ ኪቦርዶች የፔዳሉን ዓይነት የሚለዩት ሲበሩ ነው። እግራችሁ ላዩ ላይ ሆኖ ካበራችሁት ነገሩን ገልብጠው ይረዱታል።

አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ ብልሽት አይደለም። ዘመናዊ ዲጂታል ፒያኖዎች እውነተኛ ፒያኖ እንዲመስሉ የመዶሻውን ኳኳታና የክሩን እስትንፋስ ሆን ብለው ይጨምራሉ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ብቻ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መልክ የሚሰማ ከሆነ የድምፁን ዓይነት ቀይሩና አወዳድሩ።

ባትሪ የማይዋሽ ምስክር ነው

በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ባትሪ አስገቡ፣ አዳፕተሩን ንቀሉ፣ አዳምጡ። ጫጫታው ከጠፋ የመጣው ከአዳፕተሩ ወይም ከመስመሩ ነው። ዋልያስ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ፣ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አይለይም ነበር። ደንበኛ እስኪመጣ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ታክሲ ውስጥ የግድግዳ ሶኬት የለም፤ የመስመሩ ጉምጉምታም የለም!

አዳፕተር ሲጠፋባችሁ ደግሞ «ጫፉ ገባልኝ» ብላችሁ ያገኛችሁትን አትሰኩ። ቮልቱ፣ አምፔሩና ፖዘቲቩ የመሐሉ ይሁን የውጪው በሁለቱም ላይ ተጽፏል። ቮልቱና ፖዘቲቩ አንድ መሆን አለባቸው። አምፔሩ ቢበልጥ ግድ የለም፤ ቢያንስ ግን አይሆንም።

ጠጋኝ ጋ መቼ?

ጠጋኞቻችንን ማማት አልፈልግም። ቁልፍ የሞተበትን በጥርስ ብሩሽና በትዕግሥት የሚያስነሱ ጥበበኞች አውቃለሁ። ጥሩውን የምትለዩት ዕቃውን ሳይሰማና ሳይከፍት ፍርድ ባለመስጠቱ ነው። ሳይከፍት ፈርዶ ገዥ ልሁን የሚልን ሰው ግን «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ዕቃችሁን ተሸክማችሁ ውጡ።

ጫጫታው በሄድፎን ብቻ፣ ምንም ገመድ ሳይሰካ፣ በባትሪም ሆነ በትክክለኛው አዳፕተር የሚሰማ ከሆነ አዎ፣ ችግሩ ውስጥ ነው። ያኔ ጠጋኝ ጋ ሂዱ። የሞከራችሁትን ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሥራው ያጥራል፣ ሂሳቡም ይቀንሳል። ያገለገለ ፒያኖ ልትገዙ ስትሄዱም ሄድፎን በኪሳችሁ ይሁን። ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ተጫኑ፣ ቮሊዩሙን አዙሩ፣ መሰኪያውን ወዝወዝ አድርጉ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ፤ ገንዘቡ የናንተ ነው።

ይህን ገጽ ቆርጣችሁ ከፒያኖው ሽፋን ውስጥ አስቀምጡት። ሌላው ቢረሳ ሦስቱን አትርሱ፦ ሄድፎን ይቅደም፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ይለወጥ፣ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ አይነካ!

ለሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።